ሰሜን ተራሮች፦ ተጓዦች ያዩትና ሳያዩት ያለፉት

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የትርጉም ሥራ ገና በጀመርሁበት ጊዜ፣ ስለ ሰሜን ተራሮች ለተጓዦች የተዘጋጀ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ጽሑፉ አጭር ነበር፤ ሆኖም በውስጡ የነበረች አንዲት ቃል አላስኬድ አለችኝ። ፈረንጆች የሰው እጅ ያልደረሰበትን፣ አውሬና ነፋስ ብቻ የሚመላለሱበትን ምድር የሚጠሩባት ቃል ናት። «በረሓ» ብላት ሐሩር ይሰማባታል፤ «ምድረ በዳ» ብላት ውኃ ጥም፤ «ዱር» ብላት ጥቅጥቅ ያለ ደን። የሰሜን ደጋ ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አይመስልም። ጊዜው ሲያጥርብኝ «ሰው የማይኖርበት፣ የሰው እጅ ያልነካው ከፍታ» ብዬ አለፍኋት።

ጽሑፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ፣ በጃን አሞራ ተወልደው ናይሮቢ የከረሙ አንድ አዛውንት ወረቀቱን ይዘው መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ትርጉምህ ያምራል» አሉኝ፤ «ነገር ግን አባቴ ገብስ የዘራው እዚህ ቦታ ላይ ነው። እርሱን ምን አልኸው?» የምመልሰው አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ስሙ ምን ይነግረናል?

ሰሜን ማለት ዛሬ ለሁላችንም የአቅጣጫ ስም ነው። በጥንቱ ግእዝ ግን ቃሉ የዛሬውን ተቃራኒ፣ ደቡብን፣ ያመለክት እንደ ነበር የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት አስረድተዋል። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ለአገሩ ስም ያወጡለት ሰዎች የቆሙት አክሱም ላይ ነበር፤ ከዚያ ሆኖ ለሚመለከት ደግሞ ተራሮቹ በደቡብ ወገን ከተከዜ ማዶ ተደርድረው ይታያሉ። የመንግሥቱ መቀመጫ ከዘመን ወደ ዘመን ወደ ደቡብ እየወረደ ሲሄድ፣ እነዚያው ተራሮች በነበሩበት ቆመው ሳሉ ለአዲሶቹ ተመልካቾች በስተ ሰሜን ሆኑ። የቃሉም ፍች አብሮ ተገለበጠ። ተራራው አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው ተመልካቹ ነው። የሰሜንን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም፤ ስለ እነዚህ ተራሮች የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከተራራው ይልቅ ስለ ተመልካቹ ይናገራልና።

የከፍተኛው ጫፍ ስምም እንዲሁ ነው። የአገሩ ሰው ራስ ደጀን ይለዋል፤ ደጀን በጦርነት ጊዜ ከኋላ ሆኖ ለወገኑ መከታ የሚሆን ነው። የውጭ አገር ተጓዦች አፋቸው እንደ መራቸው ሲጽፉት ስሙ «ዳሽን» ሆኖ በካርታ ላይ ቀረ ይባላል። ዛሬ እኛው ራሳችን ይህንኑ የካርታ ስም መልሰን ተቀብለን ባንክም ቢራም ሰይመንበታል። ጫፉ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው በኢትዮጵያ ምድር የሚስተካከለው የለም።

የበረዶው ክርክር

ስለ ሰሜን የተጻፈው እጅግ ጥንታዊ ምስክርነት የወራሪ ቃል ነው። በአዱሊስ ወደብ በቆመ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ድሎቹን በግሪክ ቋንቋ አስቀርጾ ነበር። ጽሑፉን በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ነጋዴው ኮስማስ ገልብጦ ባያቆየው ኖሮ ዛሬ አናውቀውም ነበር፤ ዙፋኑ ከጠፋ ቆይቷልና። ንጉሡ ወንዙን ተሻግሮ የሰሜንን ሰዎች እንደ ወጋ፣ አገራቸው ለመውጣት የሚያስቸግር፣ ቁርና ውርጭ የማይለየው፣ በረዶውም እስከ ጉልበት የሚያሰጥም እንደ ነበር ይተርካል። ኮስማስ ደግሞ ከራሱ ጨምሮ፣ የአክሱም ንጉሥ በግዞት የሚቀጣቸውን ሰዎች የሚልከው ወደዚህ አገር እንደ ነበር ጽፏል። እንግዲህ ሰሜን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚታየው እንደ ውብ አገር ሳይሆን እንደ ጠላት ምሽግና እንደ ግዞት ቤት ነው።

በረዶው ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ሌላ ክርክር አስነሣ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ በሰሜን በረዶ መኖሩን መሰከረ። በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ ሊማሊሞን የወጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በረዶ የሚባል ነገር አላየሁም አለ።  ከአርባ ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በተራሮቹ ላይ በረዶ በዓይኑ ማየቱን መዘገበ፤ ብሩስ ያላየበትንም ምክንያት ሲያስረዳ፣ መንገደኛው ያለፈው በተራሮቹ ጠርዝ እንጂ ወደ ከፍታው አልነበረም አለ። ብሩስ አልዋሸም፤ የሄደበትን መንገድ አገሩ ሁሉ አድርጎ መውሰዱ ግን አሳሳተው።

ይህ ክርክር ለምሥራቅ አፍሪካ ነዋሪ እንግዳ አይሆንበትም። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐንስ ሬብማን በግንቦት 1848 የኪሊማንጃሮን ነጭ አናት አይቶ ሲጽፍ፣ በለንደን ተቀምጠው ካርታ የሚያመዛዝኑ ሊቃውንት በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ ሊኖር አይችልም ብለው አፌዙበት። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1849፣ ባልደረባው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የኬንያን ተራራ አይቶ ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። ይህ ክራፕፍ ከዚያ አስቀድሞ በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር የቆየ፣ አማርኛም የተማረ ሰው ነበር። ሁለቱን የሚያምን እስኪገኝ ድረስ ዓመታት አለፉ። የቻጋና የኪኩዩ ሰዎች ግን ያ ነጭ ነገር በአናቱ መኖሩን ለመረዳት የለንደንን ፍርድ አልጠበቁም።

እዚህ ላይ የትርጉምም ችግር እንዳለ መናገር ይገባል። በዕለት ተዕለቱ አማርኛችን ከሰማይ ጠጠር ሆኖ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ ተባዝቶ የሚወርደውንም፣ ረግቶ የጠጠረውንም ውኃ «በረዶ» እንለዋለን። ግእዝ ግን በረድ፣ አስሐትያ፣ ሐመዳ እያለ ይለይ ነበር። አንድ የሰሜን ገበሬ «በረዶ ጣለ» ሲል የሰማ መንገደኛ፣ የትኛውን እንደ ሰማ ለማወቅ ሳይጠይቅ መጽሐፍ ቢጽፍ፣ ሁለት መጻሕፍት ቢጣሉ አይደንቅም።

ገደሉ ለማን ምን ነበር?

የሰሜን ገደል በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ተደራርቦ ከቆመ በኋላ፣ ዝናብና ወንዝ እየሸረሸሩት ዛሬ የምናየውን ቅርጽ ያዘ። በአንዳንድ ስፍራ የገደሉ ቁመት 1,500 ሜትር ይደርሳል። እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው አምባዎቹን እንደ ተሰበረ ግንብ ተበታትነው ያያቸዋል፤ ከእግሩ በታች ንስሮች ሲያንዣብቡ ይታዩታል።

ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህ ስፍራ የብሕትውና አገር ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ዜማ ደራሲው ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ከአክሱም ተሰናብቶ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በሰሜን ነው፤ ከከፍተኞቹ ጫፎች አንዱም በስሙ ይጠራል።

ለቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ምሽግ ነበር። በሰሜን አምባዎች ላይ የራሳቸው ገዥ ነበራቸው፤ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) እና ከዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) ጋር መራራ ጦርነት አድርገዋል። የሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ጸሓፊ፣ የንጉሡ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አንድ ነገር ሳይደብቅ ትቶልናል። ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስራ ትነዳ የነበረች አንዲት ሴት በገደሉ አፋፍ ስትደርስ የአምላኳን ስም ጠርታ ራሷን ወረወረች፤ ማራኪዋንም ይዛው ወረደች። ጸሓፊው ድፍረቷን በአድናቆት ነው ያነሣው። በሱስንዮስ ዘመን የመጨረሻው ገዥ ጌዴዎን ተሸንፎ ሲሞት የሰሜን ቤተ እስራኤላውያን የራስ አስተዳደር አከተመ። ከእነርሱ ወገን የሆኑ ብዙዎች በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች እስራኤል ገብተዋል፤ ልጆቻቸው ዛሬ ወደ ሰሜን ሲመጡ የሚመጡት እንደ ጎብኚ ነው። ስለዚህ በአንድ ገደል አፋፍ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ያያሉ ማለት አይቻልም።

ለነጋዴና ለመልእክተኛ ደግሞ ሰሜን ሊማሊሞ ነበር፤ ከባሕር ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ሁሉ ትንፋሹ የሚቆረጥበት ዳገት። ብሩስ በዚህ ዳገት አናት ላይ ሰዎቹ የፍየል ሥጋ ቀቅለው ሊበሉ ሲሉ አንድ ግዙፍ ጢማም አሞራ ወርዶ ሥጋቸውን እንደ ቀማቸው ጽፏል። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ በዚያው ገደል የመኪና መንገድ ተቆርጦ ወጣ፤ በመንገዱ ራስ በውልክፊት የመሸገው የኢጣሊያ ጦርም እጁን የሰጠው በመስከረም 1941፣ ጎንደር ነጻ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት ነበር።

ለመኳንንት ደግሞ የሥልጣን መሠረት ነበር። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከሰሜን ተነሥተው ትግራይን ጭምር ገዙ፤ ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። በየካቲት 1855 በደረስጌ በተደረገው ውጊያ ደጃዝማች ካሳ ድል ነሧቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላም ውቤ ባሠሩት በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ልዑል ዓለማየሁን የወለዱት እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። እንግዲህ «ሰው የማይኖርበት» ያልሁት አገር የነገሥታት ዕጣ የተቆረጠበት ነው።

በሳጥን የታሸገው ሰሜን

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አንድ አዲስ ዓይነት ተመልካች መጣ። የፍራንክፈርቱ ተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፕል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜንን ዞሮ የእንስሳት ቆዳና አጥንት ሰብስቦ ተመለሰ። በ1835 ዋልያንና ጭላዳን፣ በ1840 ደግሞ ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ አስተዋወቀ። የሰሜን ገበሬ ሲጠራበት የኖረው «ዋልያ» የሚለው ስም በላቲኑ መዝገብ ገባ፤ ቀይ ቀበሮውም በሳይንስ ስሙ የሰሜንን ስም ይዟል። በ1837 የመጣው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር ደግሞ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በኢትዮጵያ ኖሮ፣ በሺህ የሚቈጠር የደረቀ ተክል ወደ አውሮፓ ላከ። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በ1841 ራስ ደጀን ላይ ወጡ፤ መጻሕፍትም ይህን «የመጀመሪያው የተመዘገበ መውጣት» ይሉታል። «የተመዘገበ» የምትለውን ቃል ልብ ይሏል። ከብት ፍለጋ የወጣ እረኛ መዝገብ አይዝም።

እነዚህ ሰዎች ለእውቀት ያደረጉትን አስተዋጽኦ ማቃለል አይገባም። ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን በቀር በየትም እንደማይኖር ባይጽፉ ኖሮ፣ ሊጠበቅ እንደሚገባውም ባልታወቀ ነበር። ነገር ግን ሳጥናቸው ቆዳውን፣ አጥንቱንና ቅጠሉን ሲይዝ፣ በዋልያው አጠገብ ገብሱን የሚያጭደውን ሰው የሚይዝበት ስፍራ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ሰሜን በዓለም ፊት የአውሬና የገደል አገር ሆኖ ቀረ።

ፓርኩና መንደሩ

በ1960ዎቹ ዋልያ ሊጠፋ ጥቂት እንደ ቀረው የውጭ ባለሙያዎች አስጠነቀቁ። ዌልሳዊው ክላይቭ ኒኮል በስፍራው የመጀመሪያው የፓርክ ኀላፊ ሆኖ ሠራ፤ ትዝታውንም የአፍሪካ ጣሪያ በሚል መጠሪያ በ1971 አሳተመ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተቋቋመ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት በመጀመሪያው ዝርዝር ከገቡት 12 ቅርሶች ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ላሊበላና ሰሜን።

ይህ ለእኛ ክብር ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሁሉም እኩል አልነበረም። በ1970ዎቹ ማብቂያ፣ በደርግ ዘመን፣ ከገደሉ ግርጌ የነበሩ መንደሮች በግድ ተነሡ። በ1996 ደግሞ የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የሰፈራና የእርሻ መስፋፋት፣ በፓርኩ መካከል የሚያልፈው መንገድም ተደማምረው ሰሜንን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር አስገቡት። ከዚያ ለመውጣት ከተቀመጡት ግቦች አንዱ የነዋሪውንና የከብቱን ብዛት መቀነስ ነበር። በ2016 በፓርኩ እምብርት የነበረችው የግጭ መንደር፣ ከ400 በላይ አባወራዎች የኖሩባት፣ ተነሥታ ሰዎቿ ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ሰሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ነገሩ ቀላል ፍርድ የሚሰጥበት አይደለም። በከፍታው ላይ ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ በየክረምቱ እንደሚሄድ የስዊስ ተመራማሪዎች ለዓመታት ለክተው አሳይተዋል። ጓሳው ሲጋጥ፣ አስታው ሲቆረጥ፣ ለዋልያም ለሰውም የሚተርፍ አይኖርም። ለተነሡት ሰዎችም ካሳና መኖሪያ ቦታ ተሰጥቷል። በሌላ ወገን ፈረንሳያዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ግጭን መነሻ አድርጎ፣ አፍሪካን ሰው አልባ ገነት አድርጎ የማየት ልማድ በቅኝ ግዛት ዘመን የበቀለ መሆኑን፣ በአውሮፓ ተራሮች የሚያርስ ገበሬ የባህል ጠባቂ ሲባል በአፍሪካ ተራሮች የሚያርሰው አጥፊ መባሉን ሞግቷል። ሁሉንም ባልስማማበት፣ ይህችኛዋን ጥያቄ ልሸሻት አልችልም።

ምክንያቱም እኔም እጄ አለበት። «ሰው የማይኖርበት ከፍታ» ብዬ ስጽፍ ግጭ ሙሉ መንደር ነበረች፤ የገብስ ክምሯ፣ ጎጆዋ፣ የቀብር ቦታዋ በስፍራው ነበር። ትርጉሜ ስሕተት ነበር። ከ2016 ወዲህ ግን ያው ዓረፍተ ነገር ስለ ግጭ ቢነበብ እውነት ነው። አንድ ተርጓሚ ስሕተቱ በሌሎች እጅ እውነት ሲሆን ማየት ምን እንደሚመስል የሚገልጽ ቃል በሁለቱም ቋንቋዎቼ አላገኘሁም። መንደሮችን ያስነሣው የእኔ ወረቀት ነው አልልም። ነገር ግን ሰው የሌለበት ተብሎ ሁለት መቶ ዓመት የተጻፈለት አገር፣ ሰው ቢነሣበት ብዙ የማያስደነግጥ ይሆናል።

ለሚሄድ ሰው

ሰሜን ከዚያ ወዲህም አላረፈም። በ2019 በፓርኩ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ ነዋሪው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሰነበተ፤ ከኬንያና ከእስራኤልም እርዳታ መጣ። በ2020 የጀመረው ጦርነት በ2021 እስከ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደረሰ፤ እንግዳ የለመዱት ጎዳናዎች ባዶ ሆኑ፣ መንገድ በመምራትና በቅሎ በማከራየት የሚኖሩ ሰዎችም እንጀራቸው ተቋረጠ። ስለዚህ ለመጓዝ ያሰበ ሰው የአካባቢውን ሰላም ከስፍራው ሰዎች ጠይቆ ይነሣ።

ሰላም ሆኖ የሚሄድ ግን የሚያየው ብዙ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል፤ መንገድ መሪውንና ጠባቂውን የሚያገኘው በዚያ ነው። ከሳንካበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ፣ ከጨነቅ በቧሂት ተሻግሮ ወደ ራስ ደጀን ይዘልቃል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ሜዳው ለምልሞ ያገኘዋል። ጅብራዎቹ በጭጋግ ውስጥ እንደ ቆሙ ሰዎች ይታዩታል፤ ጭላዶቹ በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ አጠገባቸው ቢቀመጥ አይሸሹትም። ማለዳ ውርጩ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሲያበራ የአዱሊሱን ንጉሥ ያስታውሰዋል።

አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ። በየደረሰበት የቦታውን ስም ይጠይቅ። አብሮት የሚሄደው መንገድ መሪ እያንዳንዱን ጉብታ፣ እያንዳንዱን ምንጭ በስሙ ያውቀዋል። ስም ያለው ቦታ ሁሉ ጠርቶት ያደገ ሰው አለው።

ያ አዛውንት ዛሬ በሕይወት የሉም። ጽሑፉ እንደገና ይታተም ቢባል ግን ያችን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርጌ አርማት ነበር፦ «ሰዎች ከዋልያ ጋር ተጎራብተው ገብስ ሲዘሩበት የኖሩበት ከፍታ»። ከፊተኛው ይልቅ ትረዝማለች፤ ለማስታወቂያም አትመችም። ለአባታቸው ግን ቦታ አላት።